«ታይፎይዴ 160 ደርሷል ተባልኩ»

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ተብያለሁ። መጀመሪያ ሲፕሮ ለዐሥር ቀን ዋጥኩ። ቀጥሎ ለሰባት ቀን መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጡኝ። በየጊዜው ለጥቂት ሳምንታት ይሻለኛል፤ ከዚያ ራስ ምታቱ፣ ቁርጥማቱና ድካሙ ይመለሳል። ስመረመር ደግሞ ያው «ታይፎይድ 1፡160፣ ታይፈስ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይሰጠኛል። ጎረቤቶቼ «ታይፎይድ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አይለቅም» ይሉኛል። በርበሬ ከተውኩ ሰባት ወሬ ነው። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣው ወንድሜ ወረቀቶቹን አይቶ «እኛ ጋ እኮ ይህን ምርመራ አይሠሩትም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማንን እንደማምን ግራ ገብቶኛል። እውነት ይህ በሽታ ከደሜ አይወጣም? ለልጆቼስ አስተላልፌ ይሆን?

ት. ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ት.፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ያንኑ የበሽታ ስም መስማት፣ የታዘዘውን ሳያጓድሉ ጨርሶ እንደገና እዚያው ወረፋ ላይ መገኘት፣ በዚህ ላይ የልጆች ሐሳብ ሲጨመርበት ማንንም እንቅልፍ ይነሳል። ወንድምዎ የሳቁት በክፋት እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። የሚሰማዎት ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ድካም እውነተኛ ነው። ጥርጣሬ የገባኝ ሕመሙ ላይ ሳይሆን ለሕመሙ የተሰጠው ስም ላይ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። ታይፎይድ በትክክለኛ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። «አንዴ ከገባ አይለቅም» የሚባለው፣ ወደ ኋላ ከማነሣው አንድ ጠባብ ሁኔታ በቀር፣ ልክ አይደለም። በደምዎ ውስጥ እየቆየ ያለው ምናልባት በሽታው ሳይሆን ሰውነትዎ ስለ በሽታው፣ ወይም በሽታውን ስለሚመስል ሌላ ነገር፣ የያዘው ትዝታ ነው። የተሠራልዎት ምርመራ ደግሞ የሚያነበው ያንን ትዝታ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከበሽታው ልጀምር። ታይፎይድ (በአማርኛ የአንጀት ተስቦ የምንለው) የሚመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው ብቻ ነው፤ ከአንዱ ሰው ሰገራ ወጥቶ በውሃ፣ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይጀምራል። ትኩሳቱ እንደ ወባ ድንገት አንቀጥቅጦ አይጥልም፤ ቀስ በቀስ፣ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይወጣና ሳይወርድ ይሰነብታል። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ አብረውት ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው ግምት በዓመት 9 ሚሊዮን ሰዎች በታይፎይድ ይታመማሉ፤ 110 ሺህ የሚሆኑት ይሞታሉ። ስለዚህ «ታይፎይድ የሚባል ነገር የለም፣ የክሊኒኮች ፈጠራ ነው» የሚለውን ሌላውን ጽንፍም አይስሙ። በሽታው አለ፤ አደገኛም ነው። ያለ ቦታው ስለተጠራ ብቻ የውሸት አይሆንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የተሠራልዎት ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከደምዎ ላይ ቀይ ሕዋሳቱ ተለይተው የሚቀረው ፈሳሽ (ሲረም) ጠብታ ይወሰዳል፤ የሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ ካለበት ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ሲረሙ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ሰውነት ጠላትን ለመያዝ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች፣ ካሉ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይጓጉላሉ። የላቦራቶሪው ባለሙያ መጓጐሉን በዓይኑ አይቶ «ፖዘቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ሰው በእርስዎ ደም ውስጥ ባክቴሪያ አልፈለገም፣ አላገኘምም። የተፈለገው ሰውነትዎ የሠራው መልስ ነው። ያ መልስ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሌሎች የሳልሞኔላ ዘሮችም ይቀሰቅሱታል፤ ወባና ሌሎች ትኩሳት ያላቸው ሕመሞችም እንዲሁ። በአፍ የሚወሰደውን የታይፎይድ ክትባት ውጦ የመጣ ሰው እንኳ አንዱ የዊዳል ክፍል ፖዘቲቭ ሊሆንበት ይችላል። ወንድምዎ ከመምጣታቸው በፊት ያን ክትባት ወስደው ከነበረ፣ እዚሁ አዳማ ቢመረመሩ «ታይፎይድ አለብህ» ሊባሉ ይችሉ ነበር።

«1፡160» የሚለው ቁጥርስ? ሕሙማን «ታይፎይዴ 160 ደርሷል» ሲሉኝ እንደ ደም ግፊት የሚወጣና የሚወርድ ነገር አድርገው እንደያዙት እረዳለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ሲረሙ 160 ጊዜ ከቀጠነ በኋላም ማጓጐል መቻሉን ነው። 1፡320 ማለት ከ1፡160 በእጥፍ መታመም ማለት አይደለም። ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር ምንም የማያማቸው ሰዎች ደም ውስጥም 1፡80ና 1፡160 መገኘቱ የተለመደ ነው። ምርመራው ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገ ሁለት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት፣ ተወስዶ በመካከሉ ቢያንስ አራት እጥፍ ጭማሪ መታየት አለበት፤ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320። ማን በትኩሳት እየነደደ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል? ስለዚህ አንዷ የመጀመሪያ ወረቀት እንደ ፍርድ ትወሰዳለች።

ለስሌት ያህል የሚከተለውን ያስቡ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ትኩሳት ያላቸው 100 ሰዎች ወደ አንድ ክሊኒክ መጡ እንበል። ከእነርሱ ታይፎይድ የያዛቸው 4 ናቸው። ምርመራው ከአራቱ ሦስቱን ያዘ። ከቀሩት 96 ሰዎች ግን 20ውን በስሕተት «ፖዘቲቭ» አላቸው። በዚያ ቀን 23 ሰዎች «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ይዘው ወጡ ማለት ነው፤ እውነተኞቹ ሦስት ናቸው። የቀሩት ሃያዎቹ የያዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ግን ከእንግዲህ አይፈልግላቸውም፤ ስም ተገኝቷላ! እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። የተሳሳተ ስም ትልቁ ጉዳቱ አላስፈላጊ መድኃኒት ማስዋጡ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን ስም መፈለግን ማስቆሙ ነው።

ታይፈሱ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በስምና በአንዳንድ ምልክት ቢመሳሰሉም የተለያዩ ናቸው። ታይፎይድ ማለት ራሱ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች ሁለቱን በቅጡ ለይተው የጻፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እኛም በልማድ ሁለቱንም ተስቦ ብለን ኖረናል። የወረርሽኝ ታይፈስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል ቱኒስ ውስጥ ይሠራ በነበረበት ሆስፒታል አንድ ነገር አስተዋለ። የታይፈስ ሕሙማን እስከ በሩ ድረስ ለሌላው ያስተላልፋሉ፤ ገላቸውን ታጥበው ልብሳቸው ከተወሰደ በኋላ ግን በክፍሉ ውስጥ አጠገባቸው ለተኛው ሰው እንኳ አያስተላልፉም። እ.ኤ.አ. በ1909 ጥፋተኛው ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ታዲያ ልብሷን በየሳምንቱ የምታጥብና የምትቀይር፣ ቅማል የሌለባት የአዳማ አስተማሪ በየሦስት ወሩ በታይፈስ የምትያዘው በየት በኩል ነው? በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍ ቀለል ያለ ዓይነት አለ፤ የቅማሉም ዓይነት ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንዳንድ ሰው ላይ ሊያገረሽ ይችላል። በየወቅቱ የሚመላለስ ታይፈስ ግን እኔ አላውቅም።

ምርመራውስ? ዌል ፊሊክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። የሚጠቀመውም የታይፈስን ተሕዋስ ሳይሆን ፕሮቲየስ የሚባል ፈጽሞ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ወረቀትዎ ላይ «ኦኤክስ 19» ተብሎ ከተጻፈ እርሱ ነው። ሁለቱ በገጽታ ስለሚመሳሰሉ ብቻ ሰውነት ለአንዱ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ሌላውንም ይይዛል። ፕሮቲየስ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም ያለባት ሴት «ታይፈስ አለብሽ» ልትባል ትችላለች። ሽንትዎ ባለፈው ዓመት ተመርምሮ ነበር?

እንግዲህ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ለምን ይሠራል ይሉኝ ይሆናል። «ለገንዘብ ነው» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ ሙሉ እውነቱ ግን አይደለም። ዊዳል ርካሽ ነው፤ ማሽን አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አስተማማኙ ምርመራ የደም ካልቸር ነው፤ ደሙ ባክቴሪያ በሚመቸው ምግብ ውስጥ ተደርጎ፣ በተመጠነ ሙቀት እየተጠበቀ፣ ተሕዋሱ እስኪራባ ቀናት የሚወስድ ሥራ ማለት ነው። ለዚህ የማያቋርጥ መብራት፣ ንጹሕ ክፍል፣ በየጊዜው የሚገዛ ግብዓትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። በአገራችን ይህ የሚገኘው ባመዛኙ በትልልቅ ሆስፒታሎችና በጥቂት የግል ላቦራቶሪዎች ነው። በሐኪሙ በር ላይ ደግሞ አርባ ሰው ተሰልፏል። ታማሚውም «ምንም አልተገኘብህም» ተብሎ መመለስን አይወድም፤ ከደከመበት ጉዞ ቢያንስ አንድ የበሽታ ስም ይዞ መግባት ይፈልጋል።

ራሴን ነጻ አላወጣም። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ጎልማሳ ገበሬን በዊዳል ወረቀት ብቻ ሁለት ጊዜ ለታይፎይድ አክሜዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተሽሎት ሄደ። ሦስተኛው ላይ ክብደቱ ቀንሶ፣ ሌሊት ሌሊት በላብ እየተነከረ መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሲፕሮን የመሰሉ መድኃኒቶች የነቀርሳን ተሕዋስ ለጊዜው እንደሚያዳክሙ፣ በሽታውንም ሳያድኑ እንደሚሸፍኑት በመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ በሰው ላይ ሳየው ግን ሌላ ነው።

ወንድምዎ ያሉት እውነት ነው። በአሜሪካ ታይፎይድ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ በቅድሚያ የሚታዘዘው የደም ካልቸር ነው፤ በዊዳል ላይ ማንም አይደገፍም። ግን እዚያ በሽታው ጥቂት፣ ላቦራቶሪው ብዙ ነው፤ እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው። ድኃ አገር ሁልጊዜ በደካማ ምርመራ መኖር አለበት ማለቴም አይደለም። ወባን ይመልከቱ፤ ዛሬ የገጠር ጤና ኬላ ላይ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንዲት የጣት ደም ጠብታ በ20 ደቂቃ ውስጥ መልስ ትሰጣለች። የሳንባ ነቀርሳንም ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የተሕዋሱን የዘር ቅንጣት ራሱን ፈልጎ በሁለት ሰዓት ገደማ ይለየዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው ነው። ለታይፎይድ ይህን የመሰለ ርካሽና አስተማማኝ መሣሪያ ገና አልተገኘም። ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ የጠብታ ምርመራዎችም ከዊዳል እምብዛም አይሻሉም።

«ታዲያ መድኃኒቱን ስወስድ ለምን ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ በልብዎ እንዳለ እገምታለሁ። ብዙ ትኩሳትና ቁርጥማት የቫይረስ ሥራ ነው፤ መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም በሳምንት ውስጥ ይለቃል። አብሮ የታዘዘው ፓራሲታሞልና ከሥራ የቀሩበት ዕረፍትም ድርሻ አላቸው። ሲፕሮና መርፌው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ወይም ሌላ ያልታወቀ ነገርን በአጋጣሚ አክመው ሊሆንም ይችላል። መሻልዎ ታይፎይድ እንደነበረብዎ ማስረጃ አይሆንም።

ከእንግዲህ ምን ያድርጉ? ትኩሳት ሳይኖርዎት ድካም ብቻ ከሆነ የዊዳል ምርመራ አያሠሩ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አይጠቅምዎትም። ትኩሳት ሲኖርዎት ግን በሙቀት መለኪያ ይለኩት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። በአዳማ ስለሚኖሩ የመጀመሪያው ምርመራ የወባ መሆን አለበት፤ ያውም በዚያው ዕለት። ወባ የገጠር በሽታ ነው የሚለው ነገር ድሮ ቀረ። ከእስያ የመጣችና በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብሪደሃር ላይ የተገኘች የወባ ትንኝ በከተማ ሮቶና በርሜል ውስጥ፣ በበጋም ጭምር፣ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቱ እርሷ ነበረች። ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ቢልና ትኩሳቱ ከቀጠለ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ፈጣኑን ምርመራ የሚያመልጡ የወባ ተሕዋስያን በአካባቢያችን ተገኝተዋልና። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያው የደም ቅብ በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳትም ያሳያል።

ወባ ካልሆነና ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈው ለሐኪምዎ እንዲህ ይበሉ፦ «ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ በዊዳል ታክሜያለሁ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሬ በፊት የደም ካልቸር ሊሠራልኝ ይችላል?» ሐኪም ማስቀየም አይደለም፤ እኔ እንዲህ ያለ ታማሚ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። «ከመጀመሬ በፊት» የሚለውን አይርሱት፤ አንዲት ፍሬ አንቲባዮቲክ እንኳ ባክቴሪያው እንዳይራባ ልታደርግ ትችላለች። የሚወሰደው ደም ከተለመደው በዛ ቢልም አይደንግጡ፤ ለአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ካልቸርም ፍጹም አይደለም። ከዐሥር እውነተኛ የታይፎይድ ሕሙማን ስድስቱን ያህል ይይዛል፤ አራቱ ያመልጡታል። ስለዚህ ሐኪሙ ምልክቱ ሁሉ ታይፎይድ ነው ብሎ ካመነ፣ በተለይ ሕመሙ ከበረታ፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ቢጀምር ትክክል ነው። ከተጀመረ ደግሞ በመካከል አይቋረጥም። ካልቸሩ ባክቴሪያውን ካገኘ ሌላም ጥቅም አለው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይናገራል። ፓኪስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተነሣው ታይፎይድ አብዛኞቹን የተለመዱ መድኃኒቶች፣ ምናልባትም እርስዎ የተወጉትን ዓይነት መርፌ ሳይቀር፣ የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ከሚበረታባቸው መንገዶች አንዱ መድኃኒትን ያለ ምክንያት ደጋግሞ መውሰድ ነው።

እስከዚያው ግን ትኩሳት አይጠብቁ። አንድ ዓመት የዘለቀ ድካም በራሱ ምርመራ ይገባዋል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይያዙ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለዎት ቀጠሮውን ለነገ አያሳድሩት። የደም ማነስ በወለዱና የወር አበባቸው በሚበዛ ሴቶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ በቀላል ምርመራ ይታወቃል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ስኳር፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ኤች አይ ቪ መታየት አለባቸው። ያልፈላ ወተት ወይም ከእርሱ የተሠራ አይብ የሚወዱ ከሆነ ይህንንም ይንገሩት፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣል። እንቅልፍዎንና ስሜትዎንም አይደብቁ። አስተማሪነት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ዓመት ሙሉ «ታምሜያለሁ» የሚል ሐሳብ ተደማምረው ያደክማሉ፤ የመንፈስ ጭንቀትም በራስ ምታትና በድካም መልክ ይመጣል፤ ይታከማልም።

ስለ ልጆችዎ። ታይፎይድ በደም ወይም በእናትነት አይወረስም፤ አብሮ በመተኛትም አይጋባም። ቅድም ያልኩት ጠባብ ሁኔታ እዚህ ላይ ይመጣል። በታይፎይድ ከታመሙ ሰዎች ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት ድነውም ባክቴሪያው በሐሞት ከረጢታቸው ተደብቆ ለረዥም ጊዜ በሰገራቸው ይወጣል። እነዚህ ተሸካሚዎች ይባላሉ። እጅግ ታዋቂዋ ሜሪ ማለን የተባለች የኒው ዮርክ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ አንድም ቀን ታምሜያለሁ ሳትል ብዙ ሰው አስይዛለች፤ በሁለት ዙር 26 ዓመት ያህል ተገልላ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1938 ሞተች። ግን ልዩነቱን ይመልከቱ፤ ተሸካሚ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ምንም አይሰማውም፤ የእርስዎ ነገር ተቃራኒው ነው። ይህ ሥጋት አልለቅ ካለዎት መልሱ ዊዳል ሳይሆን የሰገራ ካልቸር ነው፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ብዙ አይደለም። ከሽንት ቤት በኋላና ምግብ ከመሥራት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሮቶውን እየከደኑ በየጊዜው ማጠብ (ትንኟንም አብረው ያባርራሉ)፤ የሚጠጣውን ውሃ እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ማከም ወይም ማፍላት። በአዳማ ውሃው ገንፍሎ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የታይፎይድ ክትባትም አለ፤ ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ የሚሰጠውን አዲሱን ዓይነት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ለአገሮች ግዢ ብቁ ነው ብሎታል። በአቅራቢያዎ ይገኝ እንደሆነ የሕፃናት ሐኪም ይጠይቁ።

አሁን የምለውን ግን ረጋ ብለው ያንብቡት፤ ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው። ቀጠሮ የማያስጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች አሉ። ከትኩሳት ጋር መቃዠት ወይም ሰው መለየት አለመቻል፤ አንገት መድረቅ፤ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፤ የትንፋሽ መፍጠን፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ ውሃ እንኳ ሆድ አለመያዝ፤ የሽንት መቀነስ። ለቀናት በቆየ ትኩሳት ላይ ድንገት የተነሣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የሆድ እንደ እንጨት መጠንከር፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ ምክንያቱ የአንጀት መበሳት ወይም መድማት ሊሆን ይችላል። ይህ ያልታከመ ታይፎይድ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የሚያመጣው ነው፤ መበሳቱ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል፤ በመርፌና በክኒን አይጠበቅም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ መጥባት ወይም መጠጣት እንቢ ካለ፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፋ፣ ወይም ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት ከያዛት አንድ ቀንም አትጠብቅ። እነዚህን አይተው ሄደው ቀላል ነገር ሆኖ ቢገኝ ማንም አይስቅብዎትም፤ የሚስቅ ካለም ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

ስለ በርበሬው ሳልረሳ። በርበሬ ታይፎይድ አያመጣም፣ አያባብስምም። በእውነተኛ ታይፎይድ የተያዘ ሰው አንጀቱ ስለሚቆስል ለስለስ ያለ ምግብ ይመቸዋል፤ ያ ለሕመሙ ሰሞን ነው። ጨጓራዎ ካልከለከለዎት በስተቀር ዛሬ ማታ ቀይ ወጥ መሥራት ይችላሉ። አራቱን ወረቀቶች ግን አይቅደዷቸው። እያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ በዚያን ጊዜ የነበረዎትን የትኩሳት መጠን፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ የወሰዱትን መድኃኒትና በስንተኛው ቀን እንደተሻለዎት የሚያስታውሱትን ያህል ይጻፉና ለቀጠሮው ይዘዋቸው ይሂዱ። ከፊት ለፊታቸው ካለው ቁጥር ይልቅ ለሐኪምዎ የሚጠቅመው ከኋላቸው የሚጽፉት ነው።